«ብርብራ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር የሰማ ጆሮ የለም። ለባሌ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴ ላይ መጮኼን እየቆነጠርኩ ስናዘዝ ኖሬአለሁ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ረስቻት አይደለም። ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው እንዳይፈቱኝ ፈርቼ ነው። መፈታት ለእኔ ምኔ ነው? አሁንም እናንተ ፊት የቀረብኩት እንድትፈቱኝ አይደለም። አንብባችሁ «ወይ ምስኪን» የምትሉ ከሆነ እዚሁ ላይ ተዉት። ምስኪኗ እኔ አይደለሁም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ስለ ዓሣ ተምሬ የተመረቅኩ ወጣት ሴት ነበርኩ። ዘመዶቼ «ዓሣ ለመብላት ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ተዉት፣ በከተማው ዳር ባሉ ገበሬዎች ማሳ ላይ የዓሣ ኩሬ ለማስለመድ አስቦ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ሐይቆቹ ላይ መረቡ በዝቶ ዓሣው እያነሰ ነው፤ ገበሬው በጓሮው ዓሣ ቢያረባ ሐይቁም ያርፋል፣ ሰውም ይበላል እንል ነበር። ከልቤ አምኜበት ነበር። ይህን የምለው ለራሴ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ያመነ ሰው ሲዋሽ ካላመነው ይልቅ እንደሚከፋ ስለማውቅ ነው።

የመጀመሪያው ኩሬ የተቆፈረው ላፍቶ ነው። ላፍቶ ያኔ ገጠር ነበር። ታክሲው ጎፋ ላይ ያራግፈኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጫማዬን በእጄ ይዤ በጤፍና በሽንብራ ማሳ መሃል እወርደዋለሁ። የኩሬው ባለቤት ኦቦ ቱፋ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ከማሳቸው ራስጌ አንዲት ምንጭ አለች። ከእሳቸው ማሳ ግርጌ ደግሞ የሟች ወንድማቸው ሚስት ከልጃቸው ከለማ ጋር ይኖራሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ አዴ ጫልቱ ነው የሚላቸው። አዴ ጫልቱ ጎመንና ሰላጣ፣ ቀይ ሥርና ሽንኩርት እያበቀሉ ጎፋ አውጥተው ይሸጣሉ። ምንጯን ሁለቱ ቤቶች ከአባት ከአያት ጀምሮ በተራ ነው የሚጠቀሙባት። ዛሬ ለላይኛው ማሳ፣ ነገ ለታችኛው። ጽሑፍ የለ፣ ፊርማ የለ፤ ተጣልተውም አያውቁም።

ኩሬው ሊቆፈር ሲል አዴ ጫልቱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙና ጠየቁኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ስንት ውኃ ይጠጣል?»

«ኩሬ ውኃ አይጠጣም፣ አዴ» አልኳቸው እየሳቅኩ። «ተቀብሎ መልሶ ይለቅልዎታል። እንዲያውም ዓሣው የነካው ውኃ ለጎመን ማዳበሪያ ነው።»

ውሸት ነበር። ሙሉ በሙሉ ውሸት እንኳ ባይሆን ነውረኛ ግማሽ እውነት ነበር። ምንጯን በበጋ ለክቻታለሁ። አፈሩ እንደሚያሰርግ፣ ፀሐዩ እንደሚመጥ፣ ምንጯ ኩሬውንና ጓሮውን አንድ ላይ መሸከም እንደማትችል አውቅ ነበር። ለአለቃዬ ለአቶ ዳምጠው ስነግራቸው «አንቺ ደግሞ ነገር አታብዢ፤ እንግዶቹ አይተው ይሂዱ እንጂ ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል» አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ማን አፌን ያዘኝ? ማንም።

ከሐይቅ በበርሜል ያመጣነውን ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ጫጩት ኩሬው ውስጥ ለቀቅን። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ የላፍቶ ብርድ አልተስማማውም። ሲያድግ እያዘገመ ነው የሚያድገው። በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ጾም ላይ አቶ ዳምጠው ትልልቅ ባለሥልጣናትና ፈረንጆች ጋብዘው ኩሬውን ሊያስጎበኙ ቀጠሮ ያዙ። ለጾም ምሳም ከኩሬው ዓሣ ወጥቶ ሊቀርብ ሆነ።

«ሳህን የሚሞላ ዓሣ ነው የምፈልገው፣ ሂሩት» አሉኝ። «ጣት የሚያህል አምጥተሽ እንዳታዋርጂኝ።»

እኔም እንዳልዋረድ አሰብኩ። ያኔ ያሰብኩት ስለ ማንም አልነበረም፤ ስለ ራሴ ብቻ ነበር። ኦቦ ቱፋን እያዘዝኩ እበት በብዛት ኩሬው ውስጥ አስጨመርኩ። ፉርሽካውንም ዓሦቹ ከሚበሉት በላይ አስበተንኩ። እበት ውኃውን ያለመልመዋል፤ የለመለመው ውኃ ዓሣውን ይመግበዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ልክ አለው። ሰማዩ ሲደምን፣ ነፋስ ሲጠፋ፣ ያ ሁሉ የለመለመ ነገር ሌሊት ሌሊት የዓሣውን አየር ይጨርሰዋል። ይህን በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቴ ነው የተማርኩት። በፈተናም መልሼዋለሁ።

ደመና መጣ። የመጋቢት ደመና ነው፤ ይከብዳል እንጂ አይዘንብም። ውኃው እንደ አተር ክክ ወጥ ወፈረ። አንድ ማለዳ ስመጣ ዓሦቹ በሙሉ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አየር እየለመኑ ነበር። የሚደረገውን አውቃለሁ፤ እበቱን አቁሞ ንጹሕ ውኃ ማስገባት ነው፤ ሌላ ብልሃት የለውም። ነገር ግን የዚያ ቀን ተራ የአዴ ጫልቱ ነበር። ከግርጌ ሆነው ሽንኩርታቸውን ሲያጠጡ አያቸዋለሁ። ሄጄ «አዴ፣ ዛሬ ውኃውን ይስጡኝ» ማለት ብቻ ነበር። ይሰጡኝ ነበር! ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ግን «ኩሬ ውኃ አይጠጣም» ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። እንዴት ብዬ ኩሬው ጠምቶታል ልበል? አልሄድኩም። ፀሐይ ትወጣለች ብዬ ተመለስኩ። ፀሐይ አልወጣችም።

ጉብኝቱ ሊደርስ ሲል በማለዳ ስደርስ ኦቦ ቱፋ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ኩሬው ነጭ ሆኗል። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ የሚተነፍሱበት ስንጥብ ተበርግዶ ሞተዋል። ትልልቆቹ ናቸው የሞቱት። ምንጯ በምትገባበት ጥግ ጫጩቶቹ በሕይወት ይርመሰመሳሉ። እንቁራሪቶቹም ደህና ናቸው፤ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላሉ። መርዝ ትልቅ ትንሽ አይመርጥም። አየር ሲያልቅ ግን ብዙ የሚተነፍሰው ትልቁ ነው ቀድሞ የሚሞተው። ገና ሳልለካ ገባኝ።

ቢሆንም ለካሁ። ውኃውን በጠርሙስ ቀድቼ መድኃኒቱን ጠብ አደረግኩበት። አየር ካለ ቡኒ ይሆናል፤ ከሌለ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነጭ ሆኖ ቀረ። ወተት መሰለ። ኦቦ ቱፋ «ምን ይላል?» ሲሉኝ ጠርሙሱን ሣር ላይ ደፋሁትና «ገና አላወቅኩም» አልኩ።

ይህንን እናንተም በደንብ ያዙልኝ፦ ደፋሁት። አልተሳሳትኩም። አላጠራጠረኝም። አውቄ ደፋሁት።

አቶ ዳምጠው በመኪና ደረሱ። መሬቱን በእግራቸው መቱት።

«ምንድነው ይሄ? ምን ልበላቸው ነው እኔ? ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ምንም አላደረግኩም።»

«እና በገዛ እጃቸው ሞቱ? መርዝ ነው?»

እሳቸው ዙሪያውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኛ አገር ወንዝ ላይ ዓሣ የሚያሰክሩት በብርብራ ፍሬ ነው። እዚህ አካባቢ ብርብራ አለ?»

በአዴ ጫልቱ ማሳ ወሰን ላይ ትልቅ ብርብራ ነበር። ላፍቶ ውስጥ ግን ያንን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የጨመረ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ማን ያጠምዳል? ዓሣስ የት ነበረና? ያም ሆኖ ጣቴን አነሳሁ። ጣቴን አነሳሁና ዛፉን አሳየኋቸው። «አዎ» አልኩ። «ብርብራ ነው።»

ማንም አላስገደደኝም። አለቃዬ መንገዱን አሳዩኝ፤ የተራመድኩበት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ «እሳቸው ናቸው ያሉኝ» እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ! ሲያናድደኝ፣ ሲያቃጥለኝ፣ እሳቸውን እረግማለሁ። እሳቸው ግን ስለ ዓሣ አልተማሩም። ጠርሙሱን አላዩም። እኔ ነኝ ያየሁት።

ፖሊስ መጣ። እንደ ባለሙያ ቃሌን ተቀበሉኝ፤ «በብርብራ ፍሬ የተመረዙ ናቸው» ብዬ ፈረምኩ። አዴ ጫልቱ ውኃዬ አነሰ ብለው ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ሲያመለክቱ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ልጃቸው ለማም ግልፍተኛ ጎረምሳ ነበርና «ይሄን ኩሬ አንድ ቀን አፈርሰዋለሁ» ብሎ ሰው ፊት ፎክሯል። ግን ዛፉም ማሳውም የእናትየው ነው፤ የወሰዱት እናትየውን ነው። ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ፣ እጃቸው ጭቃ እንደነካው ወሰዷቸው። ሁዳዴውን እዚያው ጾሙ፤ ፋሲካንም እዚያው ዋሉ። እኔ እናቴ ቤት ዶሮ በላሁ።

ከፋሲካ በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነገሩ በእርቅ ይለቅ ብለው አስፈቷቸው። በኦቦ ቱፋ ግቢ ተሰበሰብን። አዴ ጫልቱ ከስተዋል፤ ድምፃቸው ግን አልከሳም።

«ፍሬዋን አልነካሁም» አሉ። «በባሌ አጥንት፣ በዋቃ፣ በማርያም። የቱፋ ዓሣ ምኔ ነው? ተራዬን ነው የጠየቅኩት። ተራዬን!»

ኦቦ ቱፋ መሬት መሬት ያያሉ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እነዚያ ሁሉ ጸጉራቸው የነጣ ሰዎች የእኔን፣ የትናንት ምሩቋን፣ ቃል ሊሰሙ ጠበቁ። አዴ ጫልቱም ተነሥተው ፊቴ ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ተምረሻል። እኔ አልተማርኩም። ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ። በእውነት ብርብራ ነው?»

ያች ቅጽበት ተሰጥታኝ ነበር። ስንት ሰው ነው ጥፋቱን የሚመልስበት በር እንዲህ ወለል ብሎ የሚከፈትለት? «አይደለም» ማለት ነበር። አንድ ቃል ነበረች። ዓይናቸውን አየሁ፤ እንዳሉኝ ዓይናቸውን እያየሁ «አዎ፤ ብርብራ ነው» አልኩ።

አዴ ጫልቱ ዘወር ብለው ለማ ከጎረምሶቹ ጋር ወደ ቆመበት አጥር ተመለከቱ። ከዚያ ሄደው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሱ፤ አንገታቸው ላይ ተሸከሙትና ኦቦ ቱፋ እግር ሥር ተንበረከኩ።

«አጥፍቻለሁ» አሉ። «ማሩኝ።»

ኦቦ ቱፋ እያለቀሱ ድንጋዩን ከወንድማቸው ሚስት አንገት ላይ አወረዱ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ካሣውም ተነገረ፤ ኩሬው እስካለ ድረስ አዴ ጫልቱ የውኃ ተራቸውን ይተዋሉ። ተቀበሉ። እኔ ምን ተሰማኝ? እፎይታ! እውነቱን ልናገር ካልኩ ልናገረው፤ እፎይ ነበር ያልኩት። ይባስ ብሎ ወደ ጎፋ ስመለስ «ማን ያውቃል፣ የእውነት አድርገውት ቢሆንስ?» ብዬ አሰብኩ። ጠርሙሱን በገዛ እጄ የደፋሁት ሴት!

ኩሬው እንደገና ዓሣ ተለቀቀበት፤ የተላለፈው ጉብኝትም ተደረገ። አቶ ዳምጠው ንግግር አደረጉ፤ ፈረንጆቹ ፎቶ አነሱ፤ እኔ ተጨበጨበልኝና ብዙም ሳልቆይ ውጭ አገር ለተጨማሪ ትምህርት ተላክሁ። የተማርኩትስ ምን መሰላችሁ? የውኃ ሀብት በጋራና በፍትሕ እንዴት እንደሚተዳደር ነው! ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቅቶኛል። የላይኛውና የታችኛው ተጠቃሚ ስለሚስማሙበት መንገድ ሰው ፊት ቆሜ ሳስረዳ፣ እዚያ ላፍቶ ያለ ጽሑፍ ያለ ፊርማ ሲሠራ የኖረውን ስምምነት በአንድ ጣት ያፈረስኩት እኔ ነበርኩ።

ስመለስ ኩሬው ተትቷል። እኛ ሄድን፣ ጫጩት የሚያመጣ ጠፋ፣ ኦቦ ቱፋም አረፉ፤ ጉድጓዱ የትንኝ መፈልፈያ ሆኖ ቀረ። የአዴ ጫልቱ ጓሮ ግን በመጀመሪያው በጋ ነው የደረቀው። ቀይ ሥሩም ሽንኩርቱም አልነበረም። ማሳቸው ላይ የቤት መሠረት ተቆፍሮበታል። የሰፈሩ ሰዎች ሴትዮዋ ጀሞ በኩል ያገባች ሴት ልጃቸው ቤት እንደገቡ ነገሩኝ። ያኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የለም፤ ሜዳ ነው። ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። በመንገዴ ሁሉ ቃሉን እለማመደው ነበር፦ ብርብራ አልነበረም፣ እኔ ነኝ፣ ብርብራ አልነበረም።

አዴ ጫልቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እሸት ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። አርጅተዋል። ወዲያው አወቁኝ። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ ተነሥተው ጉንጬን ሳሙኝ።

«እሰይ፣ እግዜር አመጣሽ» አሉ። «ሳልነግርሽ እሞታለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ምኑን፣ አዴ?»

ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጃቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ቀነሱ። «ያንቺን ዓሣ የፈጀው ለማ ነው። ያን ቀን አምሽቶ ነው የገባው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። የት ነበርክ ብለው አልመልስ አለኝ። እኔ አላመንኩም ነበር፤ ልጄ አያደርገውም አልኩ። ኋላ አንቺ የተማርሽዋ ብርብራ ነው ስትዪኝ ገባኝ። ከእሱ በቀር ማን አለ? እሱን ከሚያስሩት ብዬ ድንጋዩን ተሸከምኩለት።»

«ለማስ የት ነው?» አልኩ።

«አባረርኩት። የእርቁ ዕለት ማታውኑ። አላደረግኩም እያለ አለቀሰ፤ ከነውሸትህ ከቤቴ ውጣ አልኩት። ሞያሌ ገባ የሚል አለ፤ እንጃ። አንድ ቀን አልመጣም።» ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ በድሎሻል። ስለ እሱ ብለሽ ይቅር በይኝ።»

ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ዓሦቹ ዓሦች ናቸው፤ ጣቴን ማንሣቴም የፈሪ ሥራ ነው ይባል። ከዚህ የሚቀጥለው ግን ምን ይባላል? ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ስለማመደው ነው የመጣሁት። ግን ብናገር እኚህ ሴት ልጃቸውን በከንቱ እንዳባረሩ ያውቃሉ፤ ይሞታሉ፤ አልናገርም አልኩ። አዝኜላቸው መሰለኝ። ውሸት! ለራሴ ነው ያዘንኩት። እዚያች ደጃፍ ላይ ያ ፊት ሲለወጥብኝ ማየት ነው የፈራሁት። ብናገር ልጃቸውን ያስፈልጉት ነበር፤ ሰው ይልኩ ነበር፤ ሞያሌ ድረስ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ልጃቸው ንጹሕ መሆኑን ያውቁ ነበር። ይህንን ነው የነፈግኳቸው።

እጃቸው እጄን እንደያዘ «ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አዴ» አልኩ።

ይቅር አልኩ! እኔ! እሳቸው እያለቀሱ መረቁኝ፤ «ውለጂ፣ ክበጂ» አሉኝ። ወለድኩም፤ ከበድኩም። ለምን አልጠረጠሩኝም እያልኩ በእሳቸው የተናደድኩበት ጊዜ አለ፤ እስከዚህ ድረስ ነው ክፋቴ። እኔን የተማርኩትን ከሚጠረጥሩ የወለዱትን ጠረጠሩ።

አዴ ጫልቱ በዓመቱ አረፉ። የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ለማ ቀብር አልመጣም። ጠይቄአለሁ፤ አስጠይቄአለሁ፤ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ግን እውነቱን ይዤ ሳይሆን ለእኔ የሚቀለውን ይዤ ነው የጠየቅኩት፤ ለምን እንደምፈልገው ለማንም አልተናገርኩም።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም። ያንን ቃል የማይገባኝ ቦታ ቆሜ ምንም ላልበደለች ሴት ሰጥቼ አቆሽሼዋለሁ፤ አሁን መልሼ ለራሴ ልለምነው አልችልም። ይልቅ ሞያሌም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ላፍቶ ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ያባረሩት ለማ የሚባል ሰው የምታውቁ ካላችሁ ይህን አንብቡለት። ለማ፣ አንተ አላደረግከውም። እናትህም አላደረጉትም። ያን ማታ ለምን ሱሪህ እንደራሰ አላውቅም፤ ልትነግረኝም ግዴታ የለብህም። እናትህ የጠሉህ መስሎህ ከሆነ አልጠሉህም፤ ላንተ ብለው ባልሠሩት ኃጢአት ሰው ፊት የተንበረከኩ እናት ነበሩህ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሂሩት እባላለሁ። መጥተህ የምትለኝን ሁሉ በለኝ፤ እኔ አንዲት ቃል አልመልስልህም።